ቢጫው በተን በሦስት ላይብረሪ

በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ ሲስተሞች በተለያየ ላይብረሪ (በተንና ሠንጠረዥን የመሳሰሉ የገጽ ክፍሎች ተዘጋጅተው በሚገኙበት የኮድ ጥቅል) ሲሠሩ መልካቸውን እንዴት አንድ እናድርገው? ጥያቄው የዲዛይነር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እዚህ ባሕር ዳር ተቀምጬ በምሠራው የዌብ ሥራ ውስጥ እንደሱ ደጋግሞ የመጣብኝ ጥያቄ የለም። ስለዚህ የማስበውን ሁሉ ዛሬ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደሚመጣ። እኛ አካባቢ ድርጅቶች ሶፍትዌር የሚያሠሩት ገንዘብ ባገኙ ቁጥር፣ ቁራጭ በቁራጭ ነው። ለሕዝብ የሚታየው ድረ ገጽ ድሮ በቡትስትራፕ ተሠርቷል፤ ያኔ የሠራው ልጅ ከፖሊ ሲመረቅ የሚያውቀው እሱን ነበር። ከዚያ የአባላት መመዝገቢያ መጣ፣ ሌላ ልጅ በሪአክትና በማቴሪያል ዩአይ ሠራው፣ ልጁም አዲስ አበባ ሥራ አገኘና ሄደ። ቀጥሎ የሪፖርት ሰሌዳ ሲፈለግ ሠንጠረዡ ጥሩ ነው ተብሎ አንት ዲዛይን ተመረጠ። ሦስቱም በየራሳቸው ጥሩ ምርጫ ናቸው። ማንም አላጠፋም። ግን አንድ ሠራተኛ ጠዋት ሥራ ሲገባ ሦስቱንም ይከፍታል፣ ሦስቱም የተለያየ ድርጅት ይመስላሉ።

ይህ ደግሞ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፍኖተ ሰላም በኩል እህልና ማር የሚያሰባስብ አንድ ዩኒየን ዘንድ ስንሠራ፣ የመጋዘን ኃላፊው ጋሼ ስክሪኑን እያሳዩኝ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እዚህኛው ላይ ቀይ ማለት ዕዳ ያለበት አባል ነው። እዚያኛው ላይ ደግሞ ቀዩን ስነካው ሰውየውን ሊያጠፋብኝ ነው። እኔ በየትኛው ልመን?» ጋሼ ልክ ናቸው። ስለ ሪአክት ምንም ማወቅ የለባቸውም። ቀይ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ማለት አለበት፣ ያንን ማረጋገጥ የእኛ ሥራ ነው።

እንግዲህ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የድርጅቱን ቀለም ኮድ ወስዶ ለሦስቱም ላይብረሪዎች መስጠት ነው። አንድ ኮድ፣ ሦስት ቦታ። የዚህን ዩኒየን ቀለም ውሰዱ፤ ቢጫ ነው፣ ደመቅ ያለ የማር ቢጫ። ለሦስቱም «ዋና ቀለም» ብላችሁ ስጧቸው። ምን ይሆናል?

ቡትስትራፕ ገና በሳስ (የገጽን መልክ የሚወስነውን ሲኤስኤስ በሚያመነጨው ቋንቋ) ሲጠናቀር ከቢጫው ጋር የትኛው ጽሑፍ እንደሚነበብ ያሰላል። 4.5 ለ1 የሚባለውን የንፅፅር መጠን መለኪያ አድርጎ ነጩ እንደማይነበብ ያያል፣ ጥቁር ጽሑፍ ይጽፋል። ማቴሪያል ዩአይም ያሰላል፣ የእሱ መለኪያ በነባሪ፣ ማለትም ካልቀየራችሁት፣ 3 ቢሆንም ቢጫው ላይ ያው ጥቁር ይመርጣል። አንት ዲዛይን ግን በዋና በተን ላይ ነጭ ይጽፋል፤ አይጠይቃችሁም። በማር ቢጫ ላይ ነጭ ጽሑፍ ማለት 2 ለ1 እንኳ የማይደርስ ንፅፅር ነው። ቢሮ ውስጥ ዓይን አጥብቦ ሊነበብ ይችል ይሆናል። ገበያ ቀን ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ቀጥ ብላ በወረደችበት፣ ስክሪኑ በተቧጨረ ስልክ ላይ ግን በተኑ ባዶ ነው። ያው ቢጫ ከጥቁር ጋር ቢሆን ከ11 ለ1 በላይ ይሆን ነበር።

በዚህ አያበቃም። ማውዙን በተኑ ላይ ስታስጠጉት ምን ይሆናል? ቡትስትራፕ ነጭ ጽሑፍ ያለውን ጠቆር ያለ በተን ያጠቁረዋል፣ እንደ ቢጫችን ጥቁር ጽሑፍ ያለውን ግን ያፈካዋል። ማቴሪያል ዩአይ ወደ ጠቆረው ይሄዳል። አንት ዲዛይን በተቃራኒው ያፈካዋል፣ የሚያጠቁረው ስትጫኑት ነው። አንድ ኮድ ሰጥተን ሦስት የተለያየ ባሕርይ አገኘን።

የኔ መከራከሪያ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከላይብረሪ ወደ ላይብረሪ መሻገር ያለበት የቀለሙ ኮድ ሳይሆን ውሳኔው ነው። «ዋናው ተግባር በምን ጀርባ ላይ ይሁን፣ በላዩ ላይ ምን ቀለም ይጻፍ፣ ሲጠጉት ምን ይሁን፣ ሲጫኑት ምን ይሁን» የሚለው ሙሉ ውሳኔ። ቀለሙ የውሳኔው አንድ ቁራጭ ነው። ቀሪውን እኛ ካልወሰንን ላይብረሪው ይወስንልናል፣ ሦስት ላይብረሪ ካለን ደግሞ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ዓይነት ይወሰንልናል።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ከዚህ በጀልባ የምንሄድባቸው የጣና ገዳማት ሥዕል ነው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ፣ ከዚያ ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን እዩ። ሠዓሊው ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ፣ ቀለሙ የተቀመመበት መንገድ ሌላ ነው። ሆኖም ጻድቃን ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ኃጥአንና አጋንንት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ማንበብ የማይችል ሰው የትኛውም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ከሠዓሊ ወደ ሠዓሊ የተላለፈው የቀዩ ወይም የቢጫው ቅመም ሳይሆን ለማን ምን ዓይነት ፊት እንደሚሰጥ ነው። ለጋሼ የምመኘው ይህንን ነው። ላይብረሪው ቢለያይም «አደገኛ» የሆነው ነገር በአንድ ዓይን ይታይ።

ደስ የሚለው፣ ትልልቆቹ የዲዛይን ሲስተሞች ራሳቸው እየዞሩ እዚሁ ላይ ደርሰዋል። ዲዛይን ቶከን የሚባለው፣ የመልክ ውሳኔን ስም ሰጥቶ የማስቀመጥ አሠራር ሴልስፎርስ የተባለው ኩባንያ ውስጥ ተወልዶ ነው የተስፋፋው። የጉግል ማቴሪያል 3 ቶከኖቹን በሦስት ደረጃ ይከፍላል፦ ጥሬው ቀለም፣ ቀለሙ በሲስተሙ ውስጥ ያለው ሚና፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ኮምፖነንት ላይ የሚውልበት ቦታ። አንት ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ 5ኛውን ስሪት ሲያወጣ ሲድ፣ ማፕና አሊያስ ብሎ እሱም በሦስት ከፈለው። ሻድሲኤን የሚባለው ሌላው የኮምፖነንት ስብስብ ደግሞ ቀለሞቹን «ጀርባ» እና «በጀርባው ላይ ያለው» እያለ በጥንድ ያስቀምጣል፣ እኔ በጣም የምወደው አሠራር ነው፤ ምክንያቱም ጀርባ ስትመርጥ በላዩ የሚጻፈውንም አብረህ እንድትመርጥ ያስገድድሃል። ስሙ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ጥሬ ቀለም ለብቻ፣ ሚና ለብቻ።

ታዲያ የተግባሩ ነገር። እኔ ገጽታውን ከሁሉም ላይብረሪ ውጭ፣ በአንድ የጄሰን ፋይል (መረጃ በስምና በዋጋ በሚጻፍበት ተራ ፋይል) ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ፋይሉ ስለ ቡትስትራፕም ስለ አንትም ምንም አያውቅም። የላይኛው ክፍል ጥሬ ቀለሞች ናቸው፦ የማር ቢጫው ከነደረጃዎቹ፣ ግራጫዎቹ፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው። የታችኛው ክፍል ሚናዎች ናቸው፦ የገጽ ጀርባ፣ የካርድ ጀርባ፣ ዋና ጽሑፍ፣ የደበዘዘ ጽሑፍ፣ ድንበር፣ ዋና ተግባር፣ በዋና ተግባር ላይ የሚጻፍ፣ ሲጠጉት፣ ሲጫኑት፣ ስኬት፣ ማስጠንቀቂያ፣ አደጋ፣ ዕዳ። አዎ፣ ዕዳ። የትኛውም ላይብረሪ ለዕዳ ሚና የለውም፣ እንዲኖረውም አይጠበቅም። ለዩኒየኑ ግን ዕዳ ከ«ስኬት» እና ከ«ማስጠንቀቂያ» የበለጠ በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። ከአደጋ ለይተን የራሱን ቀለም ሰጠነው፣ ቀይ ለማጥፋት ብቻ ቀረ። የራሳችሁን የሚና ዝርዝር ካልጻፋችሁ እንዲህ ያለው ነገር አይታያችሁም፣ ላይብረሪው ባዘጋጀላችሁ ሚናዎች ብቻ ነው የምታስቡት።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ላይብረሪ አንዲት ትንሽ አስማሚ ፋይል ትጻፋለች። ሥራዋ ሚናዎቹን ላይብረሪው ወደሚገባው ስም መቀየር ብቻ ነው። አማዞን ውስጥ የተጀመረው ስታይል ዲክሽነሪ የሚባል መሣሪያ ይህን የማመንጨት ሥራ በነፃ ይሠራል፤ ለትንሽ ፕሮጀክት ደግሞ በኖድ የተጻፈች አጭር ስክሪፕት ትበቃለች። የጄሰኑን አጻጻፍ በተመለከተ የዌብ ደረጃዎችን በሚያወጣው ድርጅት፣ በደብሊውስሪሲ ሥር ያለው የዲዛይን ቶከን ቡድን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የመጀመሪያውን የረጋ ስሪት አውጥቷል። አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ በዚያ መልክ ጻፉት፣ ነገ መሣሪያዎቹ በቀጥታ ያነቡላችኋል።

«ለምን በሲኤስኤስ ቫሪያብል ብቻ አንጨርሰውም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ ይደግፉታል፣ ሻዶው ዶም በሚባለው፣ ከቀሪው ገጽ ሲኤስኤስ በታጠረ ክፍል ውስጥ እንኳ ዘልቆ ይገባል። ችግሩ ላይብረሪዎቹ ሁሉ ቫሪያብል ስትሰጧቸው በእኩል አለመረዳታቸው ነው። ማቴሪያል ዩአይም አንት ዲዛይንም ከሰጣችኋቸው ቀለም ሌሎች ቀለሞችን በጃቫስክሪፕት ሲያሰሉ ኖረዋል። ለማስላት ደግሞ ቁጥሩን ማየት አለባቸው። «እዚያ ቫሪያብል ውስጥ አለልህ» ስትሉት ማቴሪያል ዩአይ ይህን ቀለም አላውቀውም ብሎ ስህተት ሲያወጣ ያየ ሰው ይገባዋል። ቡትስትራፕ ደግሞ ቫሪያብል አለው፣ ግን «ፕራይመሪ» የሚለውን ዋና ቫሪያብል ብሮውዘር ላይ ብትቀይሩት ዋናው በተን አይቀየርም፤ የበተኑ ቀለሞች በሳስ ጊዜ ተሰልተው በራሱ ቫሪያብሎች ውስጥ ተቀምጠዋል። ቪዩቲፋይ የሚባለው ሌላ ላይብረሪም ሌላ ጉድ አለው፣ በ3ኛው ስሪቱ ቀለሙን በኮማ የተለዩ ሦስት ቁጥሮች አድርጎ ነው የሚይዘው። አንድ ጄሰን፣ ብዙ አስማሚ የምለው ለዚህ ነው። ከአንዱ ምንጭ ለአንዱ ኮድ፣ ለሌላው ሦስት ቁጥር፣ ለሌላው የሳስ ፋይል ይወጣል። ምንጩ ግን አይነካም።

አስማሚዋን ስትጽፉ አንድ ነገር አደራ። ላይብረሪው እንዲያሰላ አትተዉለት። ማቴሪያል ዩአይ ላይ ዋናውን ቀለም ብቻ ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ የፈካውን፣ የጠቆረውን፣ በላዩ የሚጻፈውን ሁሉ ንገሩት። አንት ላይ ሲጠጉትና ሲጫኑት የሚሆነውን ቀለም በግልጽ ስጡት፣ የበተኑን የጽሑፍ ቀለምም እንዲሁ። ቡትስትራፕ ላይ የበተኑን ቫሪያብሎች አንድ በአንድ ሙሏቸው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንዴ ነው የሚጻፈው። ላይብረሪው በራሱ የሚያሰላው ነገር ሁሉ ከሌላው ላይብረሪ ጋር የሚለያይበት ነገር ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ ፊደላችን።

ስለ ገጽታ ሲወራ ሁሉም ሰው ቀለም ቀለም ይላል። አማርኛ ለሚያነብ ሰው ግን ሁለት ሲስተም አንድ እንዳይመስሉ ከቀለም ይልቅ ፊደሉ ነው የሚያጋልጣቸው። የማቴሪያል ዩአይ ነባሪ ፎንት ሮቦቶ ነው። ሮቦቶ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ስለዚህ ብሮውዘሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያገኘውን ያመጣል። ቆየት ባለ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ይመጣል፣ አዲሱ ላይ ኤብሪማ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ። ኒያላ ቀጠን ያለና አነስ ብሎ የሚታይ ፎንት ነው፤ በኤብሪማ ልክ የተስተካከለ ገጽ በኒያላ ሲከፈት የሌላ ሰው ሥራ ይመስላል። ቀለሙን በጥንቃቄ አዛምደን ፊደሉን ለዕድል ከተውነው ምን ሠራን?

ይኼም ብቻ አይደለም። ማቴሪያል ዩአይ በተን ላይ ያለ ጽሑፍን ከሌላው የሚለይባቸው መንገዶች አሉት፦ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፈዋል፣ ፊደላቱን ትንሽ ያራርቃቸዋል፣ ውፍረቱን 500 ያደርገዋል። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ይጠፋል። ፎንቱ 500 የሚባል ውፍረት ከሌለው ተራው ውፍረት ይመጣል፣ ውፍረቱም ጠፋ። የሚቀረው መራራቁ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አማርኛን ያላላዋል እንጂ አያደምቀውም። ስለዚህ «መዝግብ» የሚለው በተን እንግሊዝኛ ላይ የነበረውን ክብደት አጥቶ ተራ ጽሑፍ ይሆናል። ቡትስትራፕ በተኑን በትልልቅ ፊደል ስለማይጽፍ እዚያ ልዩነቱ አይታይም። በእንግሊዝኛ ጥሩ ተዛምደው የነበሩ ሁለት ላይብረሪዎች አማርኛ ሲገባባቸው ይፋታሉ።

ይህንን የእንግሊዝኛ የገጽታ መመሪያ አይነግራችሁም፣ መንገርም የእነሱ ሥራ አይደለም። አንት ዲዛይንን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። በተን ላይ ሁለት የቻይንኛ ፊደል ብቻ ካለ ላይብረሪው በራሱ መካከላቸው ክፍተት ያስገባል፣ ጠበብ ብሎ እንዳይታይ። ይህችን ሳይ ቀናሁም፣ ደስም አለኝ። የራሳቸው ፊደል በተን ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ቁጭ ብለው አስበዋል። የእኛን ደግሞ እኛ ነን የምናስበው። ከሚናዎቹ ጎን ፊደሉም በዚያው ጄሰን ውስጥ መግባት አለበት ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው።

እኔ የማስገባው ይህን ነው። አንድ የግዕዝ ፎንት፣ ብዙ ጊዜ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ምክንያቱም ብዙ ውፍረት አለው፣ 500ም 600ም ስንለው እውነተኛ ፊደል ይመጣል። ፎንቱን ከሰርቨራችን ነው የምንልከው፣ በዎፍ 2 (በተጨመቀ የፎንት ፋይል) መልክ፣ ለግዕዝ የዩኒኮድ ክልል ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ። ገጹ ላይ አማርኛ ከሌለ ብሮውዘሩ አያወርደውም። ይህ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ኔትወርኩ በሚንቀራፈፍበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የመስመር ከፍታውን 1.5 ከሚለው የቡትስትራፕ ነባሪ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ፊደላችን ከታችም ከላይም ቦታ ይፈልጋል፣ ሲጨናነቅ ያደክማል። በትልልቅ ፊደል መጻፉን አጠፋለሁ። መራራቁን ዜሮ አደርጋለሁ። የበተን ጽሑፍ 600 ይሆናል። እነዚህ አምስት ነገሮች በአስማሚዎቹ በኩል ለሦስቱም ላይብረሪ ይሄዳሉ። እውነቴን ነው፣ ቀለሙን ሳትነኩ ይህን ብቻ ብታደርጉ ግማሹ መንገድ ያልቃል።

የአማርኛ ቃል ርዝመትም አለ። እንግሊዝኛው «ኦኬ» የሚለውን እኛ «መሰረዙን አረጋግጥ» እንላለን። አንት ላይ የበተን ከፍታ በነባሪ 32 ፒክስል ነው፣ ጽሑፉ 14። ቃሉ ሁለት መስመር ከፈለገ ቦታ የለም። ስለዚህ ከፍታውንና የጎን ክፍተቱንም ከሚናዎቹ ጋር አስቀምጡ።

ስለ ክፍተትና ጥላ ብዙ አልልም። ማቴሪያል ዩአይ በ8 ፒክስል ይቆጥራል፣ አንት በ4፣ ቴይልዊንድ የሚባለው የሲኤስኤስ መሣሪያ በሩብ ሬም ነው፣ እሱም በተለመደው መጠን 4 ፒክስል ነው። ሁሉም በ4 ስለሚካፈሉ በ4 ካሰባችሁ ሰላም ነው። ጥላ ላይ ግን ማቴሪያል ዩአይ ከዜሮው ጋር 25 ደረጃ አለው፣ ቡትስትራፕ ሦስት ብቻ። 25ቱን ከሦስቱ ጋር ለማዛመድ የሚሞክር ጊዜውን ያባክናል። ሁለት ጥላ ይበቃል፦ ለካርድ አንድ፣ ከገጹ በላይ ለሚንሳፈፍ ነገር አንድ። ሌላውን ሁሉ ዜሮ አድርጉት። የማዕዘን ክብነትም እንዲሁ፣ ቡትስትራፕና አንት በነባሪ 6 ፒክስል ላይ ይገናኛሉ፣ ማቴሪያል ዩአይ 4 ነው፣ አንዱን ምረጡና ቀጥሉ።

ዳርክ ሞድ ለሚፈልግ፣ ሚናዎቹ ካሉ ሁለተኛ የሚና ዝርዝር መጨመር ነው። ጥሬ ቀለሞቹ አይቀየሩም፣ ማን የትኛውን ይለብሳል የሚለው ነው የሚቀየረው። ቡትስትራፕ ከ5.3 ጀምሮ በገጹ የኤችቲኤምኤል ታግ ላይ በሚቀመጥ ምልክት ይሠራል፣ አንት ደግሞ በጃቫስክሪፕት ሌላ አልጎሪዝም ይቀበላል። ማብሪያ ማጥፊያው አንድ ይሁን፣ ሁሉም ከሱ ያዳምጡ። አንዱ ገጽ ጨልሞ ሌላው ሲያበራ ለዓይን በጣም መጥፎ ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚነሳውን ተቃውሞ ልመልስ። «ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል፣ ሁሉንም በአንድ ላይብረሪ እንደገና እንሥራው» ይባላል። ገንዘብና ጊዜ ላለው ጥሩ ነው። ለዩኒየኑ ግን የሚሠራ መመዝገቢያ አፍርሶ እንደገና መሥራት ማለት ለአንድ የመኸር ወቅት የአባላት ሒሳብ እየተንገዳገደ ይቆይ ማለት ነው። ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ሰሞን ይህን ንገሯቸው እስቲ። እኔ አልነግራቸውም።

ገንዘቡ ቢኖርም እንኳ አንድ ላይብረሪ ሁልጊዜ አንድ ሆኖ አይቆይም። ቡትስትራፕ እ.ኤ.አ. በ2011 ትዊተር ውስጥ ተወልዶ ሲወጣ የነበረውና ዛሬ ያለው ሌላ ነገር ናቸው፣ በ2021 5ኛው ስሪት ጄኩዌሪ የሚባለውን የቆየ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ጥሎ ነው የመጣው። አንት ዲዛይን እስከ 4ኛው ስሪት ገጽታው እንደ ሳስ ባለ ሌስ በሚባል ቋንቋ ነበር የሚጻፈው። 5ኛው ላይ ወደ ጃቫስክሪፕት ሄደ፣ የሌስ ቫሪያብል ይዞ የቀረ ሰው ሁሉንም እንደገና መጻፍ ነበረበት። ቴይልዊንድ 4 በ2025 መጀመሪያ ሲወጣ ገጽታው ከጃቫስክሪፕት ፋይል ወደ ሲኤስኤስ ዞረ። ስለዚህ አንድ ላይብረሪ ብቻ የምትጠቀሙ እንኳ ብትሆኑ የዛሬው ስሪትና የሚቀጥለው ስሪት ሁለት ላይብረሪ ናቸው። ውሳኔያችሁ በላይብረሪው ሰዋስው ውስጥ ከተጻፈ በየስሪቱ እንደገና ትጽፉታላችሁ፣ ውጭ ከሆነ አስማሚዋን ብቻ ትቀይራላችሁ። ይህ ለእኔ ከሁሉም ምክንያት የበለጠ ክብደት አለው፣ በተለይ ሰው በሚቀያየርበት ቦታ። ኮዱን የጻፈው ልጅ አዲስ አበባ ቢሄድ እንኳ «ቀይ ለማጥፋት ብቻ ነው» የሚለው ነገር በአንድ ፋይል ተጽፎ ይቀራል፣ የሚመጣውም ልጅ ሳይጠይቅ ያገኘዋል።

አንድ የሥራ ልማድ ልጨምር። የፍተሻ ገጽ ሥሩ። በአንድ ገጽ ላይ የሦስቱንም ላይብረሪ በተን፣ የጽሑፍ ሳጥን፣ ማስጠንቀቂያና ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጽሑፉ አማርኛ ይሁን፣ ረጃጅም ቃል ያለበት። የላይብረሪዎቹ ሲኤስኤስ እርስ በርስ እንዳይጋጭ በሲኤስኤስ ሌየር ለዩት፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ብሮውዘሮቹ ይደግፉታል። ከዚያ ገጹን በስልክ ይዛችሁ ውጡ። በእውነት ውጡ፣ ከቤት ውጭ፣ ቀትር ላይ። ስለ ኮድ የማያውቅ ሰው ጠርታችሁ «የትኛው ነው የተለየው?» ብላችሁ ጠይቁት። ወዲያው ጣቱን ካስቀመጠ ሥራ ይቀራችኋል።

በመጨረሻ ገጽታ የማይደርስበት ነገር አለ፣ እሱንም ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። የቀን መምረጫው ነው። የማቴሪያል ዩአይንም የአንትንም የቀን መምረጫ የፈለጋችሁትን ቀለም አልብሱት፣ ፊደሉንም አስተካክሉለት፣ ሲከፈት 12 ወር ነው የሚያሳየው። ጋሼ ደግሞ «ጳጉሜን 3 ያስረከበው ማር» ነው የሚሉት። ብሮውዘሩ ራሱ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፣ ኢንትል የሚባለው የጃቫስክሪፕት ክፍል ቀንን በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ያሳያል። ላይብረሪዎቹ የሚሠሩት ሳጥን ግን ለ13ኛው ወር ቦታ የለውም።

ስለዚህ የቀን መምረጫውን ራሳችን ሠራነው። 13 ወር፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን፣ መስከረም 1 ከላይ። ይህ እንግዲህ የየትኛውም ላይብረሪ ያልሆነ አራተኛ ነገር ነው፣ በቡትስትራፑም ገጽ በአንቱም ገጽ ውስጥ መግባት አለበት። ቀለሙን፣ ፊደሉንና ክፍተቱን በቀጥታ ከሚናዎቹ ፋይል ነው የሚያነበው፣ አስማሚ እንኳ አላስፈለገውም። የተመረጠው ቀን የዋና ተግባርን ቢጫ ከነጥቁር ጽሑፉ ይለብሳል፣ ዕዳ የሚከፈልበት ቀን የዕዳን ቀለም። ሦስቱም ሲስተሞች ውስጥ ስንጨምረው ከየት እንደመጣ የጠየቀ ሠራተኛ የለም። አሁን የቀረን የስልኩ አፕ ነው፣ እሱ በፍላተር (በስልክ አፕ መሥሪያ) ስለሆነ የሚቀጥለው አስማሚ የሚጻፈው በፍላተር ቋንቋ፣ በዳርት ነው።